የሐያሲው ቡዳፔስት፦ በዴዦ ኮስቶላኚ ፈለግ የሚደረግ የእግር ጉብኝት ግምገማ

በቡዳፔስት ለእንግዳ የሚቀርቡት የእግር ጉብኝቶች በአብዛኛው በቡዳ ኮረብታ ላይ ካለው ቤተ መንግሥት ይነሡና የሰንሰለት ድልድዩን ተሻግረው በፓርላማው ፊት ለፊት ፎቶግራፍ በማንሣት ይጠናቀቃሉ። እዚህ የምገመግመው አገልግሎት ግን መንገዱን የቀየሰው በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ነው፤ ሰውየውም በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተነሡት ታላላቅ የሃንጋሪ ደራስያን አንዱ የሆነው ዴዦ ኮስቶላኚ ነው። ጉብኝቱን የሚያካሂዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አገልግሎቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ የምነቅፈውም ነገር ስላለኝ፣ ስማቸውን ሳልጠቅስ ስለ ሥራቸው ብቻ እጽፋለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮስቶላኚን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1885 ዛሬ የሰርቢያ ግዛት በሆነችውና ያኔ በሃንጋሪ ሥር በነበረችው በሳባድካ ከተማ ተወለደ፤ ሰርቦቹ ከተማዋን ሱቦቲጻ ይሏታል። ገጣሚ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ተርጓሚ፣ ጋዜጠኛና የቲያትር ሐያሲ ነበር፤ በ1936 በ51 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። በአገሩ ትምህርት ቤት ግጥሞቹን የማያጠና ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ከአገሩ ውጭ የሚታወቀው ግን በልብ ወለዶቹ ነው፤ ስለ ሮማዊው ንጉሥ ኔሮ ለጻፈው መጽሐፍ የጀርመንኛ እትም ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን በደብዳቤ መልክ መግቢያ ጽፎለታል። በሃያሲነቱ ግን ከሃንጋሪኛ ውጭ የሚያውቀው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጉብኝቱ ማስታወቂያ ተሳታፊው የደራሲውንና የቲያትር ሐያሲውን ሕይወት አብሮ እንደሚያይ ቃል ይገባል። እኔን የሳበኝ ይህ ሁለተኛው ቃል ነው፤ ምክንያቱም ስለ አንድ ደራሲ ሕይወት የሚተርኩ አገልግሎቶች ብዙውን ጊዜ የትውልድ ቤቱን፣ ሐውልቱንና መቃብሩን አሳይተው ሲያበቁ፣ ሰውየው ለእንጀራው ሲል በየዕለቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ይዘልሉታል። ኮስቶላኚ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በጋዜጣ ደመወዝ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ጉብኝቱን የመዘንኩት ማታ ማታ ቲያትር ቤት ገብቶ ያየውን ለአንባቢ ይዞ ይወጣ የነበረውን ሠራተኛ ምን ያህል አሳየን በሚለው ነው።

መነሻው በኤርዤቤት ቀለበት መንገድ ላይ ያለው የኒው ዮርክ ካፌ ደጃፍ ነው። ሕንፃው በአሜሪካዊው የኒው ዮርክ የሕይወት መድን ኩባንያ ትእዛዝ በአርክቴክት አላዮሽ ሃውስማን ተነድፎ፣ ካፌው በጥቅምት ወር 1894 ተከፈተ። ከውጭ መብራት የተሸከሙ የናስ ሰይጣኖች ይታያሉ፤ ውስጡ በጠማማ አምዶች፣ በወርቅ ቅብና በጣሪያ ሥዕል የተሞላ ነው። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት ጸሐፊዎች እዚህ ሲቀመጡ ወረቀትና ቀለም በነፃ ይሰጣቸው ነበር፤ አይብና የቀዘቀዘ ሥጋ በዳቦ የሚቀርብበት በቅናሽ የሚሸጥ የጸሐፊዎች ሳህንም ነበር። በ1908 የተመሠረተው ኙጋት የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ኤርኖ ኦሽቫት በፎቁ ሰገነት ላይ ጠረጴዛ ይዞ የወጣቶችን የእጅ ጽሑፍ ያነብ ነበር፤ ኮስቶላኚና የልብ ወዳጁ ፍሪጄሽ ካሪንቲም ከደንበኞቹ መካከል ነበሩ። ካፌው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተለያየ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቶ በ1954 ሃንጋሪያ በሚል ስም እንደገና ተከፍቷል፤ ዛሬ ደግሞ የአንድ ቅንጡ ሆቴል አካል ነው።

እዚህ ላይ አስጎብኚያችን፣ ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ መምህርት፣ የመጀመሪያውን ጥሩ ሥራ ሠሩ። ተውኔት ጸሐፊው ፈረንጽ ሞልናር ካፌው በተከፈተበት ሌሊት የበሩን ቁልፍ ዳኑብ ወንዝ ውስጥ እንደወረወረ፣ ከዚያም በኋላ በሩ ቀንም ሌሊትም ሳይዘጋ እንደኖረ የሚነገር ታሪክ አለ፤ በየመመሪያ መጽሐፉም ተጽፎ ይገኛል። እርሳቸው ታሪኩን በሙሉ ከተረኩልን በኋላ ሞልናር የተወለደው በ1878 እንደሆነና ካፌው ሲከፈት የ16 ዓመት ልጅ እንደነበረ ብቻ ተናግረው ወደ ሌላው ጉዳይ አለፉ። ጎብኚ የሚወደውን ተረት ሳይነጥቁ ሒሳቡን ለጎብኚው የሚተው አስጎብኚ ብዙ አይገኝም። ወደ ካፌው የሚገባው ግን በራስ ወጪ፣ ከጉብኝቱ በኋላ ነው። ደጃፉ ላይ ወረፋ ስለሚኖር ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ከካፌው ፊት ለፊት ቆመው የጋዜጠኝነቱን መነሻ ሲያስረዱን ነገሩ ሥጋና ደም መልበስ ጀመረ። ኮስቶላኚ በ1903 ወደ ቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ከሌሎቹ ሁለት የወደፊት ገጣሚዎች፣ ከሚሃይ ባቢችና ከጁላ ዩሃስ ጋር የተዋወቀው በአንድ የአጻጻፍ ሴሚናር ውስጥ ነበር። በቪየናም ጥቂት ጊዜ ተምሯል፤ ዲግሪ ግን አልያዘም። በ1906 የዘመኑ ገናና ገጣሚ ኤንድሬ አዲ ወደ ፓሪስ ሲሄድ በቡዳፔሽቲ ናፕሎ ጋዜጣ የለቀቀውን ቦታ ይህ የ21 ዓመት ወጣት ያዘ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን ሲያወጣ አዲ በዚያው ጋዜጣ ገመገመው፤ ሥነ ጽሑፋዊ ጸሐፊ ብሎም ጠራው፤ ይህም ምስጋና የሚመስል፣ ከሥሩ ግን ሕይወትን ከመጽሐፍ የሚቀዳ ማለት የሆነ ወጊ ቃል ነበር። ኮስቶላኚ ይህን የረሳው አይመስለኝም። በ1929፣ አዲ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ የአዲን አምልኮ የሚያፈርስ ረጅም ጽሑፍ አሳትሞ የአገሪቱን ጸሐፊዎች ለሁለት የከፈለ ክርክር አስነሥቷል። አስጎብኚዋ ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው በመካከላቸው ስላለው 22 ዓመት አንድ ጥያቄ ጠየቁን እንጂ ፍርድ አልሰጡም።

ከካፌው ጥቂት እንደተራመድን የደረስንበት ብላሃ ሉይዛ አደባባይ በእኔ ሚዛን የጉብኝቱ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ የሚታይ ነገር ደግሞ የለውም። ትራም፣ የመንገደኛ ትርምስና የሜትሮ መውረጃ ያለበት ባዶ አደባባይ ነው። በዚህ ስፍራ በ1875 የሕዝብ ቲያትር ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ነበር። የብሔራዊ ቲያትሩ አሮጌ ቤት በ1908 ለአደጋ የተጋለጠ ነው ተብሎ ሲዘጋ ባልደረቦቹ ለጊዜው ተብለው ወደዚህ ሕንፃ ገቡ፤ ያ ጊዜያዊ የተባለ ኑሮም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። በ1965 የምድር ውስጥ ባቡር ግንባታ ያስገድዳል ተብሎ ሕንፃው በፈንጂ ፈረሰ፤ ብሔራዊ ቲያትሩ በዳኑብ ዳር የራሱን አዲስ ቤት ያገኘውም ገና በ2002 ነው። አስጎብኚያችን የሕንፃውን አሮጌ ፎቶግራፍ በእጃቸው ይዘው ዋናው በር የት እንደነበረ፣ ሠረገሎች የት እንደሚቆሙ፣ ከቲያትሩ የወጣ ሐያሲ በየትኛው መንገድ ወደ ካፌው እንደሚመለስ በጣታቸው አሳዩን። ከዚያ ወዲህ የካፌውና የቲያትሩ መቀራረብ ትርጉም ያገኛል፤ ማየት፣ መከራከርና መጻፍ በአንድ መንገድ ላይ ይከናወኑ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ሲጋራ አጭሶ የማያስጨርስ ነው።

ስለ ሂስ ሥራው የሰጡት ማብራሪያ በጣም የተዘጋጀ ነበር። ኮስቶላኚ በወጣትነቱ አ ሄት በተባለው የገጣሚው ዮዤፍ ኪሽ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ስለ ቲያትር ጻፈ፤ በኙጋትና በሌሎች ጋዜጦችም እንዲሁ። ዘመኑ ለሐያሲ የተመቸ ነበር። ታሊያ የተባለው ማኅበር ከ1904 እስከ 1908 ባለው አጭር ዕድሜው ኢብሰንንና ስትሪንድበርግን የመሳሰሉትን ወደ ሃንጋሪ መድረክ አምጥቷል፤ ከመሥራቾቹ መካከል ያኔ ገና ወጣት የነበረው ፈላስፋው ጆርጅ ሉካች ይገኝበታል። በሌላው ወገን በ1896 የተከፈተው ቪግ ቲያትር በከተማው ነጋዴና ጠበቃ ዘንድ የሚወደደውን ለስላሳ የፈረንሳይ ኮሜዲና የሞልናርን ተውኔቶች ያሳይ ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጫወተው የሞልናር ሊሊዮም በታኅሣሥ 1909 በዚያ መድረክ ሲቀርብ ተመልካች ቀዝቀዝ ባለ ስሜት እንደተቀበለው ይታወቃል። አንድ ሐያሲ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሼክስፒርንም፣ ኦፔሬታንም፣ ሴራው የተበጣጠሰ አዲስ የአገር ውስጥ ድራማንም አይቶ ስለ ሦስቱም በእኩል ትጋት መጻፍ ነበረበት።

በተሳታፊው እጅ የሚሰጠው ትንሽ ጥራዝ እዚህ ላይ ይረዳል። የኮስቶላኚ የቲያትር ጽሑፎች ከሞተ በኋላ በፓል ሬዝ ተሰብስበው በ1978 በሁለት ወፋፍራም ቅጾች ታትመዋል። አዘጋጆቹ ከእነዚህ ውስጥ ጥቂት አንቀጾችን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በጥራዙ ውስጥ አካተዋቸዋል። ትርጉሙ ሸካራ ነው፤ ፊደሉም ለዓይን ያንሳል። ሆኖም ሃንጋሪኛ ለማይችል ሰው የሐያሲውን ዐይን ያሳያል፤ ስለ ተዋናይ እጅ፣ ስለ ድምፅ አወራረድ፣ ስለ አንድ ቃል አነባበብ በጥንቃቄ ሲጽፍ፣ የተውኔቱን ታሪክ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። በኋላ የልብ ወለዶቹ መለያ የሆነው ልማድ፣ ሰውን በሚናገረው ሐሳብ ሳይሆን ኮቱን በሚያወልቅበት ሁኔታ መመርመር፣ እዚህ ሲለማመደው ይታያል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ አስጎብኚዋ እንዲህ ብለው አልተናገሩም፤ ወደዚህ እንድደርስ ያደረጉኝ ግን እርሳቸው ናቸው።

ሚስቱ ኢሎና ሃርሞሽም ከዚያው ዓለም የመጣች ነበረች። በመድረክ ላይ ኢሎና ገረግ በሚል ስም ትሠራ ነበር፤ በ1913 ተጋቡ፤ በ1915 ብቸኛ ልጃቸው አዳም ተወለደ። እርሷም ጸሐፊ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሕይወቱን የሚተርክ መጽሐፍ አሳትማለች። የአይሁድ ትውልድ ያላት በመሆኗም በ1944 የደረሰባትን በማስታወሻ ጽፋ ትታለች። ጉብኝቱ ለእርሷ የሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በመድረክና በሂስ መካከል ያለውን ግንኙነት ከቤቱ ውስጥ ልታሳየን የምትችለው ሴት በሁለት ደቂቃ ስትታለፍ ቅር ያሰኛል።

የልጅነቱ ታሪክም እንዲሁ በፍጥነት ያልፋል፤ ይህንኛውን ግን ይቅር ማለት ይቻላል፤ ሳባድካ ከቡዳፔስት ሩቅ ነው፤ የሌለ ከተማ በእግር አይጎበኝም። አባቱ የጂምናዝየሙ (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ) መምህርና ኋላም ርእሰ መምህር መሆኑን፣ የአክስቱና የአጎቱ ልጆች በብዛት ያሉበት ቤተሰብ መሆኑን፣ ከእነዚህም መካከል ሐኪሙና ደራሲው ጌዛ ቻት በሞርፊን ሱስ ተይዞ በ1919 ሚስቱን ገድሎ ራሱንም እንዳጠፋ ሰምተናል። ፓቺርታ በተባለው የ1924 ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ሳርሴግ የተባለች አቧራማ ከተማ የሳባድካ አምሳያ ናት። በዚያ መጽሐፍ መልከ ጥፉ ልጃቸውን ለአንድ ሳምንት ወደ ዘመድ የላኩ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ በመስከረም 1899 ዓመታት ሳይገቡበት የቆዩትን ቲያትር ቤት ይገባሉ፤ የሚያዩትም የእንግሊዛዊውን ሲድኒ ጆንስን ጌይሻ የተባለ ኦፔሬታ ነው። አስጎብኚዋ ይህን ትዕይንት በቃል ሲተርኩልን ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ትዕይንቱ የሐያሲ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ጥሩ አጋጣሚ ነበራቸውና አልተጠቀሙበትም። የመድረኩ ርካሽነትና ሽማግሌዎቹ የተሰማቸው ደስታ በአንድ ገጽ ላይ ሳይጣሉ የተቀመጡት ጸሐፊው ለብዙ ዓመታት የሁለቱንም ወገን፣ የመድረኩንና የወንበሩን፣ ሲመለከት ስለኖረ ይመስለኛል።

ከብላሃ ሉይዛ አደባባይ ወደ ቡዳ የሚወስደው ሁለተኛው የሜትሮ መስመር ነው፤ ቲያትሩ የፈረሰው ለዚህ ባቡር ሲባል መሆኑን ሰምቶ ወደ ጣቢያው መውረድ የተለየ ስሜት አለው። የባቡር ትኬት በክፍያው ውስጥ አይካተትም። ዴሊ ባቡር ጣቢያ ወርደን ቬርሜዘ የተባለውን ሜዳ አቋርጠን ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ወዳለው ወደ ክሪስቲናቫሮሽ ሰፈር ገባን። የኮስቶላኚ የጎልማሳነት ዘመን ያለፈው በዚህ ሰፈር ነው። በ1933 የጻፈው፣ ብዙዎች የሃንጋሪኛ ግጥም ጫፍ ነው የሚሉት የንጋት ስካር የተሰኘው ግጥም የሎጎዲን መንገድ በስም ይጠራል። እንቅልፍ አጥቶ ሌሊት ከመስኮቱ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ሰማዩን የታላላቆች የዳንስ ድግስ የሚፈታበት አዳራሽ አድርጎ ያየዋል፤ መብራቶች፣ ሠረገሎች፣ እንግዶቹን የሚሸኝ ባለቤት አሉበት። አስጎብኚዋ ግጥሙን በሃንጋሪኛ በቃላቸው አነበነቡት፤ ትርጉሙ ባይገባኝም ድምፁ ብቻውን ክፍያውን ያካክሳል ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ደረስኩ። ታቦር መንገድ ላይ የኮስቶላኚ ቤት የነበረበት ቦታ አለ፤ ቤቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በከተማዋ ከበባ ወድሟል። በ1926 የታተመው ኤዴሽ አና የተባለው ታላቅ ልብ ወለዱ የሚያበቃው በዚሁ ቤት ደጃፍ ነው። ልብ ወለዱ የሚጀምረው የኮሚኒስቶቹ መንግሥት፣ የሃንጋሪ የሶቪየት ሪፐብሊክ፣ 133 ቀን ቆይቶ በወደቀበት፣ መሪው ቤላ ኩን በአውሮፕላን ሸሸ በሚባልበት በ1919 የበጋ ወራት ነው። አና የተባለች ዝምተኛ የቤት ሠራተኛ ለአንድ የመንግሥት ሹም ቤተሰብ ትቀጠራለች፤ ሁሉም ምሳሌ የምትሆን ሠራተኛ እያሉ ያወድሷታል፤ ከአንድ የግብዣ ሌሊት በኋላ ጌታዋንና እመቤቷን በወጥ ቤት ቢላዋ ገድላ ትገኛለች። ለምን እንደሆነ እርሷም አትናገርም፤ ፍርድ ቤቱም አያውቅም። በመጨረሻው ምዕራፍ ሦስት መንገደኞች በአረንጓዴ አጥር ፊት ቆመው ስለዚያ ቤት ባለቤት፣ ማለትም ስለ ጸሐፊው ስለ ኮስቶላኚ ራሱ ያማሉ። ፊት ኮሚኒስት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ ይላል፣ ነፋስ ወደነፈሰበት ይሄዳል እየተባባሉ ሳለ የቤቱ ውሻ ይጮህና ወሬያቸው ይቋረጣል።

አስጎብኚዋ ይህን ምዕራፍ በቦታው ላይ ሲያነብቡልን መንገዱ ጸጥ ያለ ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ መድረክ አይገኝም። አንብበው ሲጨርሱ ግን ጸሐፊው በራሱ ላይ እንዴት እንደቀለደ ተናግረው፣ የውሻው ስም በሃንጋሪኛ የአንድ ነጭ ወፍ ስም መሆኑን ጨምረው፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። መንገደኞቹ የሚያሙበት ጉዳይ ምን እንደሆነ፣ ሐሜቱ ከየት እንደመነጨ፣ ምን ያህሉ እውነት እንደነበረ አንድም ቃል አላሉም።

እውነቱ ግን የታወቀ ነው። የሶቪየት ሪፐብሊኩ ከወደቀ በኋላ ኮስቶላኚ ኡይ ኔምዜዴክ በተባለው የቀኝ ክንፍ ጋዜጣ ውስጥ ገባ፤ እስከ 1921 ድረስም በዚያ ሠራ። ፓርዶን የተባለው የጋዜጣው ዓምድ ዋና ብዕረኛ እርሱ ነበር። ጽሑፎቹ ያለ ፊርማ ይወጡ ነበር፤ በወደቀው ሥርዓት የተሳተፉ ጸሐፊዎችን የሚያዋርዱ፣ ብዙዎቹም በአይሁድ ላይ የተነጣጠረ ክፉ ቃና ያላቸው ነበሩ። በኙጋት ዙሪያ ከነበሩት ወዳጆቹ ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ፤ ሚስቱም እንዲሁ። በ1920 የትሪያኖን ስምምነት የትውልድ ከተማውን ከነወላጆቹ ከድንበር ማዶ አስቀርቶበታል፤ ይህ የነበረበትን ምሬት ያስረዳል፤ ያንን ዓምድ ግን ነፃ አያደርገውም። ከ1921 ጀምሮ ወደ ፔሽቲ ሂርላፕ ተዛውሮ እስከ ሞቱ ድረስ በዚያ ሠርቷል፤ ቅራኔው ግን ለዓመታት ተከትሎታል።

ይህን ሳያውቅ የመጨረሻውን ምዕራፍ የሚሰማ ጎብኚ ቀልድ ብቻ ይሰማል። የሚያውቅ ግን አንድ የቲያትር ሐያሲ ራሱን መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ከአዳራሹ የሚመጣውን ፉጨት ሳይቆርጥ እንዳሰማ ያያል። ሐሜተኞቹ አላዋቂዎችና ጠባቦች ሆነው ቀርበዋል፤ ከሚሉት ውስጥ ግን እውነት የሆነ ነገር አለ፤ ጸሐፊውም ይህን ያውቃል፤ መልስ አይሰጥም፤ ውሻውን ብቻ ያስጮኻል። ራሱን ለማዳን ነው ወይስ ራሱን ለመክሰስ? እኔ ሁለቱም ይመስሉኛል፤ ከዚህም በላይ የሚያከራክር ጥያቄ ለእግር ጉብኝት አይገኝም። በዕረፍት ሰዓታችን ይህን አንሥቼ ስጠይቃቸው፣ ሰው ለመዝናናት ስለሚመጣ ፖለቲካውን እንደሚተዉት በትሕትና ነገሩኝ። መልሳቸውን ባከብርም አልተቀበልኩትም። የሞልናርን ቁልፍ በሒሳብ ያፈረሱ መምህርት የኮስቶላኚን ዓምድ የማሳየት አቅም እንደሌላቸው ልቆጥር አልችልም። ደግሞም ሂሱን ያወደስነው ብዕር ያንኑ ዓምድ የጻፈው ብዕር ስለሆነ፣ አንዱን አሳይቶ ሌላውን መሸሸግ ማስታወቂያው የገባውን ቃል ማጉደል ነው።

የአገልግሎቱን ሌሎች ነገሮች በአጭሩ ልናገር። ቡድኑ ከስምንት ሰው እንዳይበልጥ ይገድባሉ፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በቀለበት መንገዱ ጫጫታ መካከል እንኳ የአስጎብኚዋ ድምፅ ይሰማ ነበር። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ዘገም ያለና ግልጽ በመሆኑ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚናገር ሰው ይመቻል። የሃንጋሪ ስሞችን በወረቀት ላይ ጽፈው ያሳያሉ፤ የቤተሰብ ስም ከግል ስም እንደሚቀድምም ገና ከመነሻው ስላስረዱን ስሞቹ አልተምታቱብንም። ክፍያው ከተለመደው የከተማ ጉብኝት ከፍ ይላል፤ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ ቀኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያዛውራሉ። ክሪስቲናቫሮሽ ዳገታማ ስለሆነ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ሁለተኛው አጋማሽ ይከብዳል። ይህም በማስታወቂያው ላይ አልተገለጸም፤ መገለጽ ነበረበት።

የመጨረሻው ክፍል ስለ ሕመሙ ነው፤ በሚገባ የተመጠነ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ1933 ድዱ ላይ የታየው ቁስል ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ለራዲየም ሕክምናም ወደ ስቶክሆልም ተመላለሰ። ኮስቶላኚ በሞተበት በ1936 ጓደኛው ካሪንቲ በስቶክሆልም በእውቁ የአንጎል ሐኪም በኸርበርት ኦሊቬክሮና እጅ ከአንጎሉ ዕጢ ወጥቶለታል፤ ስለዚያም አስቂኝና አስፈሪ መጽሐፍ ጽፏል። ኮስቶላኚ ግን በመጨረሻዎቹ ወራት መናገር ተሳነው፤ ከሚስቱና ከሐኪሞቹ ጋር የተግባባው በትንንሽ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር፤ ወረቀቶቹም ተጠብቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ተዋናዮች ድምፅ የጻፈ ሰው በዚህ ሁኔታ መሞቱን አስጎብኚዋ ያለ ምንም ማጋነን፣ ቀኑን ኅዳር 3 ብለው ብቻ ተናግረው አለፉ።

ጉብኝቱ ይፋ የሚያበቃው በክሪስቲናቫሮሽ ነው፤ መቃብሩ ያለበት የኬሬፔሺ የመቃብር ስፍራ ግን በፔስት በኩል፣ ከኬሌቲ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ስለሚገኝ፣ የፈለገ ሰው በዚያው ሁለተኛው መስመር ተመልሶ በራሱ ሊሄድ ይችላል፤ ካርታውን ይሰጣሉ። የቲያትር ታሪክ የሚወድ፣ ወይም ከኮስቶላኚ ልብ ወለዶች አንዱን እንኳ ያነበበ ሰው ይህን ጉብኝት ቢመርጥ ገንዘቡ አይባክንም፤ ምንም ሳያነብ ለሚሄድ ግን ኤዴሽ አናን ቀድሞ እንዲያነብ፣ ታቦር መንገድ ሲደርስም ስለ 1919 እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ ሲጠየቁ ይመልሳሉ። መቃብሩን ለማየት የሚያስብ ደግሞ የጠዋቱን ዙር ይያዝ፤ በብርዱ ወራት የመቃብር ስፍራው በር ቀደም ብሎ ይዘጋል።